በጠባብ ማድ ቤት ስቶቭና ካቢኔት ሲገጣጠሙ፦ ልክና ክፍተት ለወሎ ቤቶች

ጠባብ ማድ ቤት ላይ ካቢኔት ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። አናጢው ይመጣል፤ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል፤ በሜትር ሒሳብ ዋጋውን ይናገራል፤ ግድግዳውን ሞልቶ ይሠራል። ስቶቩ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። የሚደርሰውም ጥጉ ላይ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ ወይም በሩ ሥር የተረፈች ቦታ ናት። ውሎ ሲያድር የጎኑ ካቢኔት ጠርዝ ይላቀቃል፤ ከላይ ያለው በር በእንፋሎት አብጦ አልዘጋ ይላል፤ ትኩስ ድስት የሚያርፍበት ቦታ ጠፍቶ ሲንኩ አፍ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ በመገልበጡ ነው። መጀመሪያ የስቶቩ ቦታ ይወሰናል፣ ቀጥሎ በግራና በቀኙ ያለው ባዶ ግራናይት (የካቢኔቱ ላይ፣ ካውንተሩ)፣ ካቢኔት በተረፈው ላይ ነው የሚሠራው።

ስቶቩ ሳይታወቅ ልክ አይወሰድም

ከነኦቨናቸው የሚሸጡት ቋሚ ስቶቮች አብዛኞቹ ወርዳቸው 50 ወይም 60 ሳ.ሜ ነው። ቁመታቸው ከ85 እስከ 90፣ ጥልቀታቸው ደግሞ ከ50 እስከ 60 ሳ.ሜ ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ አምነው አይዘዙ። ስቶቩ ቤት ከገባ በራስዎ ሜትር ይለኩት፤ ገና ካልተገዛም ሱቁ ድረስ ሄደው ይለኩት። ወርዱን ሲለኩ የላዩን ጠርዝም ይጨምሩ፤ በአንዳንዱ ስቶቭ የላዩ ብረት ከገላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሰፋ ይላል፤ በካቢኔቶቹ መሃል የሚተውለት ቀዳዳ በገላው ልክ ከተሠራ አይገባም።

ጥልቀቱን ሲለኩ ከኋላ ያለውን የጋዝ መግቢያ አይርሱ። የጋዙ ጎማ ሳይታጠፍ እንዲዞር ከጀርባ 5 ሳ.ሜ ያህል ይፈልጋል። ጥልቀቱ 60 የሆነ ስቶቭ በ60 ሳ.ሜ ካውንተር መሃል ሲገባ ፊቱ በ5 ሳ.ሜ ገደማ ወደ ፊት ይወጣል ማለት ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም የኦቨኑ በር ከካቢኔቶቹ በር ቢያንስ 2 ሳ.ሜ ወጣ ማለት አለበት፤ ካልወጣ በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሙቀት በቀጥታ የካቢኔቱን ጠርዝ ይመታል። ስቶቩን ከፊት እኩል ለማድረግ ሲባል ጎማውን ከግድግዳ ጋር ማጨቅ ግን አደገኛ ነው፤ የታጠፈ ጎማ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ግድግዳውን መለካት

ልክ የሚወሰደው ልስኑ አልቆ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሴራሚክ ከነማጣበቂያው ከአንድ ግድግዳ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሳ.ሜ ይበላል። ሁለቱም የጎን ግድግዳዎች የሚለጠፉ ከሆነ እስከ 4 ሳ.ሜ ይጠፋል። በ4 ሜትር ሳሎን ይህ ምንም አይደለም፤ በ1.80 ግድግዳ ላይ ግን ስቶቩ መግባትና አለመግባቱን የሚወስነው እሱ ነው።

የግድግዳውን ርዝመት ሦስት ቦታ ላይ ይለኩ፦ ወለሉ ላይ፣ 85 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ እና 150 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ። ሦስቱ እኩል አይመጡም። የሚሠራበት ትንሹ ቁጥር ነው። ጥጉ ትክክለኛ ማዕዘን መሆኑን ለማየት ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳ.ሜ ላይ ምልክት ያድርጉና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ይለኩ፤ 100 ከመጣ ጥጉ ልክ ነው። 102 ወይም 98 ከመጣ ከግድግዳው ጎን መሙያ ጣውላ የግድ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ቤት ብዙ ጊዜ ተዳፋት ላይ ነው የሚሠራው፤ በነባር ሰፈሮች ደግሞ እየተቀጠለ የተሠራ ቤት ብዙ ነው። ጥጉ ቀጥ ያለ ማድ ቤት ካገኙ ደስ ይበልዎ፣ አስቀድሞ መገመት ግን አይገባም።

ወለሉንም በውሃ ልክ ይዩት። ሊሾው ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ዘንበል ብሎ ከተሠራ የስቶቩ አንዱ እግር ከፍ ማለት ይኖርበታል። አብዛኞቹ ስቶቮች የሚሽከረከር እግር አላቸው፤ የሚጨምረው ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ስቶቩ ካልተስተካከለ የድስቱ ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል፣ ወጡም በአንድ በኩል ያራል።

በግራና በቀኝ የሚተወው ቦታ

ከሁሉም ነገር ይህን ክፍል በደንብ ያስቡበት።

በስቶቩ አንድ ጎን ቢያንስ 30፣ በሌላው ጎን ቢያንስ 38 ሳ.ሜ ባዶ ካውንተር ያስፈልጋል። ሰፊው ጎን የሚሻለው ወደ ሲንኩ በኩል ነው፤ ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ክዳኑ የሚቀመጠው፣ የወረደው ድስት የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ። 60 ሳ.ሜ ከተገኘ ደግሞ ሥራው ሁሉ ይቀላል።

ለምን 30? ድስቱን ይለኩት። 60 ሳ.ሜ ወርድ ባለው ስቶቭ ላይ የዳርኛው ምድጃ መሃል ከስቶቩ ጠርዝ 15 ሳ.ሜ አካባቢ ነው። የበዓል ዶሮ ወጥ የሚሠራበት ድስት ግን 35 ሳ.ሜ ወርድ ሊኖረው ይችላል፤ ግማሹ 17.5 ነው። ስለዚህ ድስቱ ከስቶቩ ጠርዝ አልፎ 2.5 ሳ.ሜ ይወጣል። ጆሮው ሲጨመርበት 6 ወይም 7 ሳ.ሜ ይሆናል። በ50 ሳ.ሜ ስቶቭ ላይ ደግሞ ምድጃዎቹ ወደ ጠርዙ ይበልጥ ስለሚጠጉ መውጣቱ ይብሳል። ስቶቩ ከግድግዳው ተጣብቆ ከተተከለ ትልቁ ድስት በዚያ በኩል ጭራሽ አይቀመጥም፤ በግድ ቢቀመጥም ነበልባሉ ወደ ጎን ይገፋና ሴራሚኩን ይሰነጥቃል።

ክንድም አለ። ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ማማሰያውን ይዞ ክርኑን ወደ ውጭ ይከፍታል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ ካለ ኃይሉ ሁሉ ከእጅ አንጓ ይሆናል። የመውሊድ ወይም የገና ዕለት ትልቅ ድስት ከእሳት የሚያወርደው ሰውም ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ማሳረፍ መቻል አለበት።

ከግድግዳ 30 መተው በፍጹም ካልተቻለ 15 የመጨረሻው ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ስቶቩን ሌላ ግድግዳ ላይ ማሰብ ይሻላል።

ሌሎች ርቀቶችም አሉ። ስቶቩ ከማድ ቤቱ በር መቃን ቢያንስ 30 ሳ.ሜ ይራቅ፤ የሚገባው ልጅ ወደ ውጭ የወጣ የድስት ጆሮ ላይ መጋጨት የለበትም፣ በሩ ሲከፈት የሚገባው ነፋስም የጋዙን ነበልባል ያጠፋል። ፍሪጅ ከስቶቩ ጋር ጎን ለጎን አይቆምም፤ 30 ሳ.ሜ ካቢኔት መሃል ይግባ። የኦቨኑ ሙቀት ፍሪጁን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። መስኮት ሥር ስቶቭ መትከል ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን መጋረጃ ይኖራል፣ መስኮቱን ለመክፈት ደግሞ በእሳቱ ላይ መንጠራራት ግድ ይላል። ተዉት።

በማዕዘን ቅርጽ የሚሠራ ካቢኔት ከሆነ ስቶቩ ከውስጠኛው ጥግ ቢያንስ 40 ሳ.ሜ ይራቅ። ጥጉ አጠገብ ከሆነ የኦቨኑ በር ሲከፈት የተሻጋሪውን ካቢኔት እጀታ ይመታል፤ መሳቢያውም ኦቨኑ ሲዘጋ ብቻ የሚከፈት ይሆናል።

ከስቶቩ ፊት ለፊት ያለው መተላለፊያ ከ90 ሳ.ሜ አይነስ፤ 105 ቢሆን ሁለት ሰው ይተላለፋል። ተከፍቶ የተዘረጋ የኦቨን በር ከ45 እስከ 50 ሳ.ሜ ወደ ፊት ስለሚወጣ፣ በ90 መተላለፊያ ዳቦ የምታወጣው ሴት የሚቀራት 40 ብቻ ነው፤ ለመጎንበስ እንኳን ይጠባታል። መተላለፊያው ከ90 ማለፍ ካልቻለ ኦቨን የሌለው፣ ግራናይት ላይ የሚቀመጥ ስቶቭ መምረጥ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ከስቶቩ ጎን የሚቀረው ስንጥቅ

ስቶቩ የሚገባበት ቀዳዳ ከስቶቩ ወርድ በ2 ሳ.ሜ ይስፋ፤ በእያንዳንዱ ጎን 1 ሳ.ሜ ማለት ነው። ከስቶቩ ጋር የመጣው መመሪያ በየጎኑ 2 ሳ.ሜ ካለ የሚታዘዙት እሱን ነው፤ የኦቨኑ ጎን ምን ያህል እንደሚግል የሚያውቀው አምራቹ ነው።

ክፍተቱን በሲሊኮን መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው። ስቶቩ ለጽዳት፣ ጎማ ለመቀየር፣ ለጥገና ወደ ፊት መሳብ አለበት። በሲሊኮን የታሰረ ስቶቭ ሲሳብ የግራናይቱን ጠርዝ ይዞ ይመጣል። ክፍተቱን እንዳለ መተውም ችግር አለው፤ የሽሮ ጠብታና የዘይት ፍንጣቂ ገብቶ የበረሮ ቀለብ ይሆናል። የሚሻለው 4 ሳ.ሜ ወርድ ያለው ቀጭን የማይዝግ ላሜራ በአንዱ ጎን ግራናይቱ ላይ ብቻ አጣብቆ በሌላው ጎን ስቶቩ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ብረት ሥራ ቤት በልኩ ይቆርጡታል። ጠርዙ በሞረድ ይለስልስ፣ አለዚያ እጅ ይቆርጣል።

ስቶቩ ከግራናይቱ ጋር እኩል ወይም እስከ 1 ሳ.ሜ ከፍ ያለ ይሁን። ዝቅ ካለ ከካውንተሩ የሚፈሰው ውሃ ሁሉ ወደ ምድጃው ይገባል።

የጎኖቹ ካቢኔቶች ከምን እንደሚሠሩም ከክፍተቱ ያላነሰ ጉዳይ ነው። ቺፕውድም ኤምዲኤፍም (ሁለቱም ከተፈጨ እንጨት የተጨመቁ ጣውላዎች) ፊቱ እስከተሸፈነ ድረስ ይችላል፤ የሚሸነፈው በጠርዙ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ብቻ ተለጥፎ የኋላውና የታቹ ሳይሸፈን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ስለማይታይ። እንፋሎትና የወለል ውሃ የሚገባው ግን በዚያው ነው። በስቶቩ ጎን ያሉት ሁለት ቋሚ ጣውላዎች አራቱም ጠርዛቸው እንዲለጠፍ ስትስማሙ በግልጽ ይናገሩ። በላስቲክ የተሸፈነ የኤምዲኤፍ በር ደግሞ ከ70 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ላስቲኩ መላቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ከኦቨኑ አጠገብ የሚሆነው በር ሜላሚን ፊት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ዘይት፣ ቅቤና በርበሬም ከኦቨኑ ጎን ባለው ካቢኔት አይቀመጡም፤ ሙቀቱ ያበላሻቸዋል። ያ ቦታ ለትሪና ለክዳን ይሁን።

የወለሉ ሴራሚክ ከስቶቩ ሥርም ይቀጥል። ከፊት ለፊት የሚታየው ብቻ ተሠርቶ ከሥር ሊሾ ከቀረ፣ ስቶቩ ሲሳብ እግሩ የሴራሚኩ ጠርዝ ላይ ይይዛል።

ከስቶቩ በላይ

ጠባብ ማድ ቤት ያለው ሰው ከስቶቩ በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ ሲያይ ዕቃ መደርደሪያ ይታየዋል። ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፦ ሁድ (ጭስና እንፋሎት የሚስብ መሣሪያ) የማይገባ ከሆነ ከስቶቩ በላይ ካቢኔት አይሥሩ።

ሁድ ከገባ ከድስት ማስቀመጫው ብረት እስከ ሁዱ ሥር ለጋዝ 75፣ ለኤሌክትሪክ 65 ሳ.ሜ ይተዋል። የሁዱ መመሪያ ከዚህ የበለጠ ከጠየቀ የሱ ይከበራል። የሁዱ ወርድ ከስቶቩ ወርድ አይነስ። ቱቦው ወደ ውጭ የሚወጣው በአጭሩና በቀጥታ ነው፤ እያንዳንዱ ማጠፊያ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ለአብዛኞቹ ከ12 እስከ 15 ሳ.ሜ ወርድ ያለው ቱቦ ይበቃል፤ ግድግዳው ሴራሚክ ከመለበሱ በፊት ቀዳዳው ይበሳ።

በጎንና በጎን ያሉት የላይ ካቢኔቶች ከግራናይቱ 55 ሳ.ሜ ያህል ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። ግራናይቱ 88 ላይ ከሆነ ሥራቸው 143 ላይ ይመጣል ማለት ነው። ጥልቀታቸው ከ30 እስከ 35 ሳ.ሜ ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ቆሞ የሚከትፈው ሰው ግንባሩን ይመታል። ጠርዛቸው በምንም መንገድ ወደ ስቶቩ ወሰን አይግባ፤ ቦታ ካለ ከወሰኑ 5 ሳ.ሜ ወደ ኋላ ይበሉ።

ወሎ ላይ ለእንፋሎት የተለየ ትኩረት የምንሰጥበት ምክንያት አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ 94 አካባቢ። ላሊበላም ከደሴ ጋር ተቀራራቢ ናት። ውሃው ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ንፍሮው ለመብሰል ረዘም ያለ ሰዓት ይወስዳል። ድስቱ ረጅም ሰዓት ሲፈላ እንፋሎቱም ረጅም ሰዓት ይወጣል። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው የደሴ ብርድ ደግሞ መስኮት ያስዘጋል። ስለዚህ ቆላ ከተማ ላይ ዓመታት የሚቆይ የካቢኔት በር ደሴ ላይ ቶሎ ያብጣል። ሁድ ለመግዛት አቅም ከሌለ ከስቶቩ በላይ ባለው ግድግዳ ጫፍ፣ ኮርኒሱ ሥር፣ 20 በ20 ሳ.ሜ የሆነ በወንፊት የተሸፈነ መተንፈሻ ያስበሱ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ መስኮት ተዘግቶም ይሠራል።

ሁለተኛው ጣጣ የነበልባሉ ቀለም ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የጋዝ ነበልባል ቢጫ ሊሆንና ጥቀርሻ ሊያመጣ ይችላል። ድስቱ ሥሩ ከጠቆረ፣ የላይኛው ካቢኔት ሥርም በአጭር ጊዜ ከጠቆረ፣ ጥፋቱ የካቢኔቱ አይደለም፤ ባለሙያ የአየር ማስገቢያውን እንዲያስተካክል ያስፈልጋል። ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ጫፉም የማይዘል መሆን አለበት።

ቡና መቁላትም እዚሁ ይነሳል። በብዙ የወሎ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሥርዓት በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ይደገማል፤ ብዙ ሰውም አሁን በስቶቭ ይቆላል። የሚወጣው ጭስ ቅባት አለው። የላይኛው ካቢኔት ሥር ላይ የሚጣበቀው ቡናማ ነገር እሱ ነው፤ አቧራ ይዞ ይጠነክራል። የካቢኔቱ ሥር ነጭ ሜላሚን ቢሆን በሙቅ ውሃና ሳሙና ይለቃል፤ ያልተሸፈነ እንጨት ከሆነ ግን ለዘለቄታው ይይዘዋል።

ምጣድና ከሰል

የኤሌክትሪክ ምጣድ 60 ሳ.ሜ ያህል ወርድ አለው፤ ከካቢኔት ጋር አብሮ አይታቀድም። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ከላይ ያለውን ሁሉ ያረጥባል። ለምጣድ 70 ሳ.ሜ፣ እንጀራ ለሚወጣበት ሰፌድ ሌላ 60 ሳ.ሜ ያስፈልጋል። ጠባብ ማድ ቤት ይህን ስለማይሰጥ ምጣዱ በራሱ የብረት ማቆሚያ ላይ፣ በረንዳ ወይም ጓሮ ባለው ማብሰያ ይሁን። እዚያው ማድ ቤት ከሆነም ከላዩ ምንም ካቢኔት የሌለበት ግድግዳ ይሰጠው።

ከሰል ማንደጃ በካቢኔት መሃል፣ በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ አይገባም። የካቢኔቱ መቃጠል ብቻ አይደለም የሚያሰጋው፤ የከሰል ጢስ የማይታይ የማይሸት መርዝ አለው፣ ብርድ ተብሎ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

ሲሊንደሩና መስመሩ

የጋዝ ሲሊንደር የት እንደሚቀመጥ ካቢኔቱ ሳይቆረጥ ይወሰን። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ታች ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ዙሪያው በተዘጋ ካቢኔት፣ ከሲንኩ ሥር፣ የወለል ፍሳሽ ቀዳዳ አጠገብ ወይም ምድር ቤት አይቀመጥም። የሚሻለው ከቤቱ ውጭ፣ ጥላ ባለው ቦታ፣ አየር በሚያሳልፍ የብረት ሳጥን ውስጥ ማቆም ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የመዳብ ወይም የብረት ቱቦ ይሁን፤ ጎማ ግድግዳ ውስጥ አይቀበርም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ውጭ ማቆም ካልተቻለ ከኦቨኑ አንድ ካቢኔት ርቆ፣ ወለሉ የተከፈተ፣ የበሩ ታችና ላይ መተንፈሻ ያለው ቦታ ይሠራለት። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎማው ከ1.5 ሜትር አይርዘም፣ በኦቨኑ ጀርባም አይለፍ፤ ላዩ ላይ የታተመው ዘመን ሲያልፍ ይቀየራል። መዝጊያው ቧንቧ ከስቶቩ ጎን እንጂ ከጀርባው አይሁን፤ እሳት ሲነሳ በነበልባሉ ላይ እጅ መዘርጋት አይቻልም።

ለኤሌክትሪክ ስቶቭ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ከሳበ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይሆናል፤ ከስቶቩ ጋር በአንድ መስመር ሊሄድ አይችልም። የሽቦውን ውፍረት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በስቶቩ ጀርባ ያለውን ዋት አይቶ ይወስን። ሶኬቱ ከኦቨኑ ጀርባ አይሁን፤ ከጎኑ ባለው ካቢኔት ውስጥ ይሁን። ካውንተር ላይ የሚሆኑ ሶኬቶች 110 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ፣ ከስቶቩ ጠርዝ ደግሞ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ ርቀው ይተከሉ።

ሁለት አቀማመጥ

ርዝመቱ 240 የሆነ አንድ ግድግዳ ካለ ከግራ እንዲህ ይከፈላል። 3 ሳ.ሜ መሙያ ጣውላ ከግድግዳው ጎን፣ 35 ካቢኔት፣ 62 የስቶቩ ቀዳዳ፣ 60 መሳቢያ ያለው ካቢኔት፣ 80 የሲንክ ካቢኔት። ድምሩ 240። መሙያው የሚያስፈልገው የተጣመመውን ግድግዳ ለመቀበልና የካቢኔቱ በር ከግድግዳው ሳይነካ በሙሉ እንዲከፈት ነው። ግራናይቱ መሙያውን ጨምሮ ስለሚሸፍን በግራ 38፣ በቀኝ 60 ሳ.ሜ ማሳረፊያ ይገኛል። ፍሪጁ በሌላው ግድግዳ ይቁም።

ግድግዳው 180 ብቻ ከሆነ የ50 ሳ.ሜ ስቶቭ ይመረጣል። 2 መሙያ፣ 28 ካቢኔት፣ 52 ቀዳዳ፣ 38 ካቢኔት፣ 60 አንድ ጎድጓዳ ያለው ሲንክ፤ 180 ሞላ። የግራው ሳጥን 28 ቢሆንም ከላይ ያለው ግራናይት 30 ነው፤ ዝቅተኛው ልክ ተጠበቀ። እዚህ ላይ 60 ሳ.ሜ ስቶቭ አስገባለሁ የሚል ሰው 10 ሳ.ሜውን የሚያመጣው ከማሳረፊያው ነው፤ ይህን ባያደርግ ይሻለዋል። ለሁለት መጥበሻ ማረፊያ ከሌለ አራት ምድጃ ምን ይሠራል?

ከመቆረጡ በፊት ክፍፍሉን ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሳሉት፤ ካርቶን በስቶቩ ልክ ቆርጠው ያስቀምጡና ዋናዋ አብሳይ ትቁምበት። ትልቁን ድስት ይዛ ከስቶቩ ወደ ሲንክ ትዙር። የካውንተሩም ከፍታ የሚወሰነው በእሷ ነው፤ ክንዷን አጥፋ ክርኗ ካለበት ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ዝቅ ማለት አለበት። ስቶቩ 85 ከሆነና ለእሷ 88 የሚስማማ ከሆነ የስቶቩን እግር በማውጣት ይስተካከላል፤ ዞኮሎው (ከካቢኔቱ ሥር ወለሉ ላይ ያለው መሠረት) ደግሞ 10 ሳ.ሜ ቁመት ኖሮት 5 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ ይግባ፣ የእግር ጣት የሚገባበት ነው።

በጭቃ ቤትና በብሎኬት ላይ መስቀል

በጭቃና በእንጨት የተሠራ ግድግዳ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) አይይዝም። ሳህን የሞላ ካቢኔት ጭቃው ላይ ከተሰቀለ ጊዜውን ጠብቆ ይወርዳል። ግድግዳውን እያንኳኩ ቋሚዎቹን ይፈልጉ፤ በቀጭን ምስማር ያረጋግጡ። ከዚያ 10 ሳ.ሜ ወርድና 2.5 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው ጣውላ ቢያንስ ሦስት ቋሚ ላይ በረጅም ብሎን ይታሰርና ካቢኔቱ በዚያ ላይ ይንጠልጠል። ቋሚዎቹ ምስጥ የነካቸው ከሆነ የላይ ካቢኔት ትተው ከወለል የሚነሳ መደርደሪያ ያሠሩ።

ጭቃው ጭድ አለው፣ ከውስጡ ያለውም እንጨት ነው፤ ከስቶቩ ጀርባ በቀጥታ መጋለጥ የለበትም። ከግራናይቱ ጀምሮ 80 ሳ.ሜ ቁመት ያለው፣ ከስቶቩ በግራና በቀኝ 15 ሳ.ሜ የሚያልፍ ላሜራ ይደረግለት። ላሜራው ግድግዳው ላይ አይለጠፍም፤ 2 ሳ.ሜ ያህል እንዲርቅ የብረት ቱቦ ቁራጭ ከጀርባው ይግባና አየር ይለፍበት።

ብሎኬት ግድግዳ ላይ ደግሞ ፊሸሩ ባዶው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። እንዲህ ከሆነ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ በሲሚንቶ መሙላት፣ ብሎኑን አብሮ መቅበር፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሳይጫን ማቆየት ነው።

ከተገጠመ በኋላ

ኦቨን ያለው ስቶቭ ልጅ በተከፈተው በር ላይ ቢቆም ወደ ፊት ይገለበጣል። ከጀርባው በሰንሰለት ወይም በብረት ማያዣ ከግድግዳው ይታሰር፤ ሲያስፈልግ የሚፈታ ይሁን።

የጋዙን መጋጠሚያዎች ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀቧቸው። አረፋው ከነፋ ጋዝ ያልፋል፤ ጋዙ ይዘጋና መጋጠሚያው እንደገና አጥብቆ ይታሰራል። በክብሪት መፈተሽ ክልክል ነው።

ቀጥሎ ትልቁን ድስት በአራቱም ምድጃ ላይ በየተራ ያስቀምጡ፤ ክዳኑን አንስተው በጎን ያሳርፉ፤ የኦቨኑን በር፣ የጎኑን መሳቢያና የሲንኩን በር ባንድ ላይ ይክፈቱ። የሚጋጭ ካለ አናጢው እዚያው እያለ እጀታው ይቀየር ወይም ማጠፊያው ይዙር።

በመጨረሻም ኦቨኑን በ200 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ያብሩና በሁለቱም ጎን ያሉትን ካቢኔቶች ከፍተው የውስጥ ጎናቸውን በመዳፍዎ ይንኩ። ለብ ካለ ደህና ነው። መዳፍ የማይችለው ከሆነ ስቶቩ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ይሆናል፤ ወደ መሃል ይመልሱት። መሃል ሆኖም የሚያቃጥል ከሆነ በካቢኔቱ ውጭ ጎን ላይ ቀጭን ላሜራ በ5 ሚሊ ሜትር ማራቂያ ይታሰርና እንደገና ግማሽ ሰዓት ይሞከር።